«አባቴን ከጎኔ አቁሚልኝ» አለችኝ

ያለፈው ሳምንት ደብዳቤ የፍቅር ነበርና ዛሬም የዚያን ዓይነት የጠበቃችሁ አትጠፉም። ዛሬ ወደ ካሜራ ዞር እንላለን። ፍቅር የለበትም ግን አልልም፤ አንብባችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

ደብዳቤው የመጣው ከገርጂ ነው። ጸሐፊዋ የ21 ዓመት ወጣት ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ዘንድሮ የዲጂታል ፎቶግራፍና የምስል ቅንብር ኮርስ ጀምራለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሌሎች ያነሱትን ፎቶ እሷ በኮምፒዩተር ታስተካክላለች።

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛ መጣች። የሲኤምሲ ልጅ ናት፤ ሐምሌ ላይ ትመረቃለች። አባቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከቦርሳዋ ያወጣችው የአባቷን ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት መታወቂያ ላይ የተላጠ፣ ጥጉ ላይ የማኅተም ቁራጭ የቀረበት። «የኔ እናት፣ ስመረቅ አባቴን ከጎኔ አቁሚልኝ፤ እማዬ ሳሎን ትሰቅለዋለች» አለቻት። ጠያቂያችን እሺ ብላ ቀብድ ተቀበለች። ሰኞ ክፍል ውስጥ ነገሩን ለመምህሯ ብታነሳ ግን መምህሩ ቱግ አሉ። በቦታው ያልነበረን ሰው ነበረ ብሎ ማሳየት ማጭበርበር ነው፣ ሙያውን የሚገድለውም ይኸው ነው አሏት፤ በተማሪ ሁሉ ፊት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ቀብዱን ትመልስ? ወይስ ትሥራው?

በደብዳቤዋ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ያደረገቻት ሌላ ነገር አለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሙሽሮችን ሁሉ «ቀላ አድርጊያቸው» ይላታል። ጠይሟም፣ ጥቁሯም፣ ሁሉም በአንድ ልክ ይቀላሉ። ይሄን «የተለመደ ሥራ ነው» ብላ አልፋዋለች፤ መምህሯም ስለዚህ ምንም አላሉ።

እህቴ ሙች፣ እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ የአባትየው ጉዳይ ነው። እኔ ብሆን እንቅልፍ የሚነሳኝ የሙሽሮቹ ነበር።

መጀመሪያ ለመምህርሽ ልሟገትላቸው። ሰውዬው ባዶ ጩኸት አልጮሁም። በ1982 እ.ኤ.አ. ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው ስመ ጥር መጽሔት የጊዛን ሁለት ፒራሚዶች በኮምፒዩተር ገፍቶ አቀራርቦ የሽፋን ሥዕል አደረጋቸው፤ ለምን? ፎቶው በአግድም የተነሳ ነበርና ለቁመቱ ሽፋን አልበቃ ስላለ። ፒራሚድ የሚያህል ነገር ከቦታው ነቅሎ ማስጠጋት! ወቀሳው ዛሬም ድረስ በየትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል። በ2006 ደግሞ ሮይተርስ የዜና ወኪል ከሊባኖስ ጦርነት የተላከለት አንድ ፎቶ ላይ የቤሩት ጭስ በኮምፒዩተር እንዲበዛ መደረጉ ሲደረስበት፣ ከፎቶ አንሺው ጋር ያለውን ውል አቋርጦ የሰውየውን ሥራዎች በሙሉ ከመዝገቡ አወጣ። ዜና ላይ ከሆንሽ መምህርሽ ያሉት ሕግ ነው፤ አንዲት ጠጠር እንኳ አታነሺም፣ አትጨምሪም። ጋዜጣ አንባቢ በቦታው አልነበረምና ፎቶውን የሚያምነው እንደ ምስክር ነው።

የሲኤምሲዋ ልጅ ፎቶ ግን ለማን ነው የሚመሰክረው? ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ የሚያዩት እናትየው ናቸው። ባላቸውን ራሳቸው ቀብረዋል። እህት ወንድም፣ ጎረቤት፣ የዕድሩ ሰው፣ ሁሉም ቀብር ላይ ነበር። ማን ነው ታዲያ የሚታለለው? ማንም! ያን ፎቶ የሚያይ ሰው ሁሉ «ቢኖሩ ኖሮ እዚህ ጋ ይቆሙ ነበር» የሚለውን ያነባል እንጂ «ቆመው ነበር» የሚለውን አያነብም።

ደግሞስ ፎቶ ቤት ከመቼ ወዲህ ነው የእውነት ብቻ ቤት የሆነው? እኔ ካሜራ ይዤ በዞርኩባቸው ዓመታት ያየኋቸው ነባር ፎቶ ቤቶች ግድግዳቸው ላይ ፏፏቴ የተሣለባቸው፣ መስቀያቸው ላይ ለማንም የሚሆን አንድ ኮትና አንድ ከረባት የተንጠለጠለባቸው ነበሩ። ኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የፊት ጠባሳ የሚያጠፉ ሰዎች ነበሩ፤ ሪታች የምትለው ቃል ከፎቶሾፕ በፊት የነበረች ናት። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀምሮ ለነገሥታቱ ያነሳው የአርመኑ የቦያጅያን ቤተሰብ ቢሆን፣ ንጉሥን እንዳጋጣሚ አላነሳም፤ አሰናድቶ፣ ብርሃኑን መርጦ፣ አቁሞ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው የወጣቶች ስብስብ ከየቤቱ አልበም የድሮ ፎቶ ለቅሞ በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሲያወጣ ሰዉን የማረከው ይኸው አቋቋም ነው። ሰው ሊሆን የሚፈልገውን ሆኖ ቆሟል። ዛሬ አንቺ ራስሽ ለጉርድ ፎቶ ስንቱን ኮት በኮምፒዩተር አልብሰሻል? እና ኮቱ ሳይገርመን አባትየው ገረሙን?

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ሥሪው። ግን እንዲሁ አይደለም።

አንደኛ፣ እናትየውን አግኝተሽ ጠይቂ። ልጅቷ ልታስደስታቸው ብላ በድንገት ልትሰጣቸው አስባ ይሆናል። የሞተ ሰው ፎቶ ደግሞ ድንገተኛ ስጦታ አይሆንም፤ ያንን ግድግዳ በየቀኑ የሚያዩት እሳቸው ናቸውና። በስልክም ቢሆን አናግሪያቸው። ሁለተኛ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት «አሪፍ ሥራ ነው» ብሎ መስኮት ላይ እንዳይሰቅለው፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ እንዳይለጥፈው። ይሄ ምክር ብቻ አይደለም፤ ሕግም ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ባለጉዳዩ ሞቶ እንደሆነና ነገሩ ክብሩን የሚነካ ከሆነ ደግሞ መብቱ ወደ ቤተሰቡ እንደሚሄድ አንቀጽ 30 ላይ ተጽፏል። በእርግጥ ታዋቂ ሰው፣ ባለሥልጣንና የአደባባይ በዓል በአንቀጽ 28 ልዩ ናቸው። የሲኤምሲ አባት ግን አንዱም ውስጥ አይገቡም። የሙሽሮቹም ነገር በዚሁ ሕግ ነው፤ ስንቱ ፎቶ ቤት የሰው ሚስት መስኮቱ ላይ ሰቅሎ እንደሚኖር እናንተም ታውቃላችሁ። ሦስተኛ፣ ከፎቶው ጀርባ «በኮምፒዩተር የተቀናበረ» ብለሽ ዓመተ ምሕረቱን ጻፊበት። የልጅ ልጅ ሲመጣ ግራ እንዳይጋባ። ጉርድ ፎቶዋንም ስካን አድርገሽ ስታበቂ ዋናዋን በክብር መልሺ፤ ምናልባት ያቺ ብቻ ትሆናለች የቀረቻቸው።

አሁን ወደ አሠራሩ። መምህርሽ በዚህ ጉዳይ አያስተምሩሽም ብዬ ነው፤ እኔ የማውቃትን ላካፍልሽ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልጅቷን ብቻዋን አንስቶ ከዚያ «አባትን ማስገባት» ሲሞክር ነው። ውጤቱ ከጋዜጣ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። አንቺ ዕድለኛ ነሽ፤ ምርቃቱ ገና ነው። ስለዚህ ፎቶውን ስታነሺ ቦታቸውን አዘጋጂላቸው። ወንድም እንዳላት ጽፈሽልኛል፤ ቁመቱ ወደ አባቱ ከሆነ የአባቱን ኮት ለብሶ ከጎኗ ይቁም። እጁን ትከሻዋ ላይ ያድርግ። ጥላው፣ የእጁ ክብደት፣ የጋዋኑ መጨማደድ ሁሉ እውነተኛ ይሆናል። አንቺ የምትቀይሪው ከአንገት በላይ ብቻ ነው። (ይሄን ስጽፍ የኮቱ ነገር ሆዴን አባባው። ልጁን ግን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሳያውቅ አታቁሙት።)

ብርሃኑ ነው ዋናው። ጉርድ ፎቶ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ነው፤ ፊት ላይ ጥላ የለውም። ልጅቷን ቀን 6 ሰዓት ላይ ብታነሺያት ግን የአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትቆመው፤ ዓይን ሥር ጉድጓድ ትቆፍራለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ጥላው እንደ ምላጭ ነው። ሁለቱ ፊቶች ጎን ለጎን ሲሆኑ የማያውቅ ሰው እንኳ «አንድ ነገር አለው» ይላል። ደግነቱ ሐምሌ ነው። የሐምሌ ደመና ከየትኛውም ስቱዲዮ የሚበልጥ ለስላሳ ብርሃን በነፃ ይሰጥሻል። ደመናው ካልመጣ የሕንፃ ጥላ ፈልጊ፤ ቦሌ ሕንፃ አላጣም።

ስለ መጠን ደግሞ ሒሳቡን አብረን እናድርገው። ጉርድ ፎቶዋ ላይ የአባትየው ፊት ከአገጭ እስከ አናት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ600 ዲ.ፒ.አይ. ስካን ስታደርጊው ወደ 590 ፒክስል ይሰጥሻል። ሁለቱን ሙሉ ቁመና አንስተሽ 13 በ18 ብታሳጥቢው በፎቶው ላይ የአንድ ሰው ጭንቅላት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚያ በ300 ዲ.ፒ.አይ. 240 ፒክስል አይሞላም የሚያስፈልግሽ። ተርፎሽ ይቀራል ማለት ነው! ደንበኛዋ «ፊታችን ብቻ ይውጣ፣ በትልቅ ፍሬም ይሁን» ካለች ግን አይሆንም በያት፤ የአባቷ ፊት እንደ ጭጋግ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ነው ሐዘኑ የሚቀሰቀሰው። በተረፈ ዋናውን ፋይል ሳትነኪ በሌየርና በማስክ ሥሪ፤ ማጥፊያውን ላጲስ እርሺው፤ ማስክ ቢሳሳት ይመለሳል፣ ላጲስ አይመለስም። የድሮው ፎቶ ሻካራነት ስላለው መጨረሻ ላይ ሙሉው ፎቶ ላይ ትንሽ ግሬይን ጨምሪበት፤ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል።

ይሄ ሁሉ ከብዶ ከታየሽ ደግሞ አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ከደንበኛዋ ጋር ተመካከሩበት። አባትየውን አሳድገሽ አሳጥቢና በፍሬም አድርጊላት፤ ጋዋኗን ለብሳ ፍሬሙን ደረቷ ላይ ይዛ ተነሳ። ምንም ቅንብር የለበትም፤ መምህርሽም ከዚህ በኋላ ቃል አይኖራቸውም። እኔ በግሌ የቱን እንደምወድ ልናገር? ሁለተኛውን። ግን ፎቶው የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው።

አሁን ወደ ሙሽሮቹ።

እህቴ፣ ጠይም ልጅ ፎቶ ላይ የምትጠቁረው ጠይም ስለሆነች አይደለም። ካሜራሽ ሞኝ ስለሆነ ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ከነ ነጠላው ፍሬሙን ሲሞላው «ይሄማ በዛ» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ቀሚሱ አመድማ ይሆናል፣ ፊቷ ደግሞ ይጨልማል። ሙሽራዋ ፎቶውን አይታ «አጠቆራችሁኝ» ትላለች፤ እውነቷን ነው! መድኃኒቱ ሲነሳ ነው ያለው። ፊቷ ላይ ለክተሽ ማንሳት፣ ወይም ካሜራውን አንድ ደረጃ ወደ ፕላስ ማድረግ፤ ከዚያ የቀሚሱ ጥልፍ እንዳይጠፋ ሂስቶግራሙን ማየት። በሮው ፋይል ከተነሳ ደግሞ ኋላም ይታረማል። ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 እርከን ይይዛል፤ ጄፔግ 256 ብቻ። ጄፔጉን ስትጎትቺው ፊቱ የሚቆራረጠውና አመዳም የሚሆነው ለዚህ ነው። አንሺዎቻችሁ ለምን በጄፔግ እንደሚያነሱ ጠይቂያቸው፤ «ቦታ ይይዛል» ይሉሻል። ሚሞሪ ካርድ የሚያህል ርካሽ ነገር ላይ የሰው ሠርግ!

የነገሩ ሥር ደግሞ ከእኛ ሰፈር ይርቃል። ኮዳክ ለብዙ ዓመታት ቀለም የሚያስተካክለው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ካርዱን ሁሉ «ሸርሊ» ይሉት ነበር። የሸርሊ ፊት ካማረ ፎቶው አማረ ይባላል፤ ሌላው ሰው የራሱ ጉዳይ። ይህን ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት ፊልሙ ጥቁር ቀለማትን በደንብ እንዲለይ የገፉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አስተዋዋቂዎች ናቸው፤ ዕቃችን አላምር አለ ብለው። ከሰው በፊት ቸኮሌት ሰሚ አገኘ፣ ወይ ጉድ! ታዲያ ዛሬ በኮምፒዩተር ዘመን፣ ቦሌ ላይ፣ ሐበሻ ሐበሻን በሸርሊ ልክ ሲያቀላ ምን ልበል?

ይሄ ነው ውሸቱ። የአባትየው ፎቶ ማንንም አላታለለም። የሙሽራዋ ግን ራሷን ያታልላታል፤ አልበሙን በገለጠች ቁጥር «እንዲህ ብሆን ኖሮ» የምትል ሌላ ሴት ታያለች። ባለቤቱን ግን በንግግር አትርቺውም፤ ደመወዝ የሚከፍልሽ እሱ ነው። ዝም ብለሽ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ በሁለት መንገድ አሳጥቢ፤ አንዱን እሱ እንደሚለው፣ አንዱን ብርሃኑ ብቻ ተስተካክሎ ቆዳዋ የራሷ ሆኖ። ሳትናገሪ ሁለቱን ለሙሽራዋ እናት ስጪያቸው። የቱን እንደሚያነሱ እኔ እወራረዳለሁ።

እናትሽ «ካሜራውን ተይና አካውንቲንግ ተማሪ» ያሉሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እላለሁ፤ የቤት ኪራይ በፎቶ አይከፈልም ነበርና። ግን ሦስት ሰው ልጥቀስልሽ። ሚካኤል ፀጋዬ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. የተመረቀው በሥዕል ነው፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ካሜራ ዞረ፤ ዛሬ በፎቶው ነው የሚታወቀው። አይዳ ሙሉነህ በ2000 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀችው በፊልም ነው፤ አገሯ ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። ግርማ በርታ ደግሞ ፎቶን ማንም አላስተማረውም። የሦስቱን መንገድ አይተሽ ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ አካውንቲንጉንም በማታ ብትጨምሪ አይጎዳሽም፤ የነገ ፎቶ ቤትሽን ሒሳብ ማን ሊይዝልሽ ነው?

«ዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተሩ አይበቃንም፣ ፎቶሾፑም የተሰረቀ ነው፣ ቫይረስ በላን» ብለሻል። እኔ በማታው ክፍለ ጊዜ ስማር ለአራት ሰው አንድ ኮምፒዩተር ነበር፤ ሦስቱ ከኋላ ቆመው «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይሉ ነበር። ፎቶሾፕን ራሱን የጀመረው እኮ ተማሪ ነው። ቶማስ ኖል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሆኖ በ1987 የጻፈው ፕሮግራም ነው፤ ከወንድሙ ከጆን ጋር አሳድገውት በ1990 በአዶቤ ስም ገበያ ወጣ። ጊምፕ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ደግሞ በ1995 የጀመሩት ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች ናቸው። ጊምፕ ሌየርም ማስክም አለው፤ የሮው ፋይል ለማዘጋጀት ዳርክቴብል አለ፤ እሱም ነፃ ነው። የአባትየውን ሥራ በእነዚህ ብቻ መጨረስ ትችያለሽ። ፋይሉን ግን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ አንዱ ፍላሽ ከጠፋ ያ ቀን ደግሞ አይመጣም።

ሲያልቅ ለእኔም ጻፊልኝ። ፎቶውን አትላኪ፤ የቤተሰቡ ነው። እናትየው ምን እንዳሉ ብቻ።

ቦታ ስለተረፈኝ አንዲት አጭር መልስ። የአያቱ ወንድማችን «ካሜራ መግዣ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ፤ ከምን ልጀምር?» ብለሃል። ከላይ የጠቀስኩት ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኛ በአይፎን እያነሳ፣ ከጀርባው ያለውን ሁሉ በኮምፒዩተር አውጥቶ፣ አንድ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን እያቆመ በሠራው ሥራ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን 10,000 ዶላር ድጋፍ ካሸነፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ ከሰፈርህ ጀምር። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ከቦሌ እስከ መገናኛ መንገዱን ቀይሮታል፤ የሰፈርህን ጥግ ዛሬ ብታነሳው የዛሬ ዓመት ላይኖር ይችላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ውጣ፤ ብርሃኑ ጎን ለጎን ይመጣልሃል፣ ሰዉም ወደ ታክሲ ሰልፉ ይወጣል። ፊቱን የምታነሳውን ሰው አስፈቅድ። ኤርፖርቱ አጥር አጠገብ ደግሞ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ክተት፤ ጥበቃዎቹ ጥበብ መሆኑን እስኪረዱልህ ብርሃኑ ያልፍብሃል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።